ጫኝና አውራጅ የት ይሠልጥን? ከባሕር ዳር ለሚወጣ የጀልባና የመርከብ ጭነት አምስት አማራጮች ሲነጻጸሩ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከምሠራበት መጋዘን አንድ ኮንቴነር ታሽጎ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻገረ። ተቀባዮቹ በሩን ሲከፍቱ የላይኛው ረድፍ ካርቶን ተንሸራቶ ወረደ። በሩን የከፈተው ልጅ ትከሻውን ተመታ። ፎቶ ላኩልን። ካርቶኑን የደረደርነው እኛ ነን። የሚያሳዝነው ደግሞ ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ስድስት ሠራተኞቻችን የሦስት ቀን ሥልጠና ወስደው ነበር። ስድስቱም ሰርተፍኬት ይዘው ተመልሰዋል።

የጭነት ሥራ ክፉ ጠባዩ ይሄ ነው። የሚሳሳተው አንድ ቦታ፣ የሚጎዳው ሌላ ቦታ ነው። ባሕር ዳር ላይ የላላ ገመድ ደቅ ደሴት ላይ እግር ይሰብራል። ስለዚህ ሠራተኛ ማሠልጠን የግድ ነው። ግን የትኛውን ሥልጠና? ሁሉም «ደህንነት» ይላል፣ ሁሉም ወረቀት ይሰጣል፣ ዋጋው ደግሞ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ይህን የምጽፈው ለጀልባ ማኅበራት፣ ለላኪዎች፣ ለመጋዘን ኃላፊዎችና ለጫኝና አውራጅ ማኅበራት ነው። ባሕር ማዶ ሄደው በመርከብ ወይም በነዳጅ መድረክ (ነዳጅ ለማውጣት ባሕር ላይ በተተከለ ወለል) ላይ ለመሥራት የሚያስቡ ወጣቶችም የሚጠቅማቸው ነገር ያገኛሉ።

መጀመሪያ፦ ጭነታችሁ የትኛው ነው?

ሦስት ዓይነት ጭነት አለ። ብዙ ሰው አንድ ላይ ስለሚጨፈልቃቸው የማይሆነውን ሥልጠና ይገዛል።

አንደኛው የጣና ጭነት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅ፣ ወደ ቁንዝላ፣ ወደ ደልጊ፣ ወደ ጎርጎራ። ስኳር፣ ዘይት፣ የለስላሳና የቢራ ሳጥን፣ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ ይሄዳል። እህል፣ ቡና፣ ፍራፍሬ ይመጣል። እዚህ ጠላቱ የጀልባው ሚዛን መዛባትና ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ነው።

ሁለተኛው የኮንቴነር ጭነት ነው። ሰሊጥ፣ ሽምብራ፣ ልብስ። በወረታ ደረቅ ወደብም ይሁን በሞጆ መጨረሻው ጅቡቲ ነው። እዚህ ጠላቱ ክብደት፣ እርጥበትና የመንገዱ ቁልቁለት ነው።

ሦስተኛው በባሕር መሐል ላለ የነዳጅ መድረክ የሚላክ ጭነት ነው። እንደ ሰሜን ባሕር ባሉ ቦታዎች አቅራቢዋ መርከብ ከመድረኩ ሥር ቆማ በማዕበል ከፍና ዝቅ ትላለች። ክሬኑ ከሚወዛወዝ ወለል ላይ ያነሣል። ስለዚህ ተራ ኮንቴነር አያገለግልም። ለረጅም ጊዜ ዲ.ኤን.ቪ 2.7-1 ወይም ኢ.ኤን 12079 ይባሉ በነበሩ መለኪያዎች የተሠራ፣ ማንሻ ገመዱ አብሮት የተገጠመ ልዩ ኮንቴነር ያስፈልጋል። በመጀመሪያው መለኪያ ከነጭነቱ ከ25 ቶን መብለጥ የለበትም። የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1998 ለእነዚህ ኮንቴነሮች የተለየ መመሪያ አውጥቷል።

ከባሕር ዳር ለዚህ ለሦስተኛው የሚያሽግ መጋዘን አላውቅም። ነገር ግን ከዚያ ሥራ የምንማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ። እዚያ አሻጊው ዕቃው የሚከፈትበትን ቦታ እያሰበ ያሽጋል። ከመነሣቱ በፊትም የኮንቴነሩ ጣሪያ ላይ የተረሳ ነገር መኖሩን ይፈትሻል። ከ10 ሜትር ላይ የወደቀ የእጅ መሣሪያ መሬት ሲደርስ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈጥናል። ወረታም ላይ ቢሆን ያው ነው።

በምን እንመዝናቸው?

ዋናው መስፈርት፣ ሠራተኛው በገዛ እጁ፣ የራሱን ጭነት ይዞ ይለማመዳል ወይ የሚለው ነው። ጆንያ የሚጭን ሰው ስለ ጆንያ ይማር። ቆርቆሮ የሚጭን ስለ ቆርቆሮ። የእኛ ስድስት ልጆች ሦስት ቀን አዳራሽ ተቀምጠው ስላይድ አዩ። አንድ ገመድ እንኳ አልነኩም።

ቀጥሎ የይዘቱ ጉዳይ ይመጣል። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር፤ አሠልጣኝና አሠልጣኝ የሚለየው እዚህ ነው።

ክብደት። እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ኤምኤስሲ ናፖሊ የምትባል መርከብ በእንግሊዝ ቻናል ላይ ተሰነጠቀች። በኋላ ከወለሏ በላይ የነበሩ 660 ኮንቴነሮች ሲመዘኑ የ137ቱ ክብደት በወረቀት ከተጻፈው ከ3 ቶን በላይ ይለያይ ነበር። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የተረጋገጠ ክብደት የሌለው ኮንቴነር መርከብ ላይ እንዳይጫን ዓለም አቀፍ ግዴታ ሆኗል። መንገዱ ሁለት ነው። ወይ የታሸገውን ኮንቴነር ሙሉውን መመዘን፣ ወይ እያንዳንዱን ዕቃ፣ ማሰሪያና መደገፊያ ጨምሮ መዝኖ በሩ ላይ ከተጻፈው የባዶ ክብደት ጋር መደመር። በአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር 19 ቶን ሰሊጥ ከጫናችሁ በ50 ኪሎ 380 ጆንያ ነው። በየጆንያው አንድ ኪሎ ብትስቱ 380 ኪሎ ሳታችሁ ማለት ነው። ይህን ስሌት ከሠራተኛው ጋር አብሮ የማይሠራ ሥልጠና ጎዶሎ ነው።

አደራደር። ለኮንቴነር የቆየ ቀላል ሕግ አለ። ከጭነቱ ከ60 በመቶ በላይ በአንዱ ግማሽ አይከማች። ለጀልባ ደግሞ ከባዱ ከታችና ከመሐል፣ ቀላሉ ከላይ ነው። በርና ጭነት መሐል ክፍተት ካለ በጣውላ ወይም በመረብ ይዘጋል። እኛ የሳትነው ይህን ነበር።

ማሰር። ለኮንቴነር አስተሻሸግ የተዘጋጀ ዓለም አቀፍ የአሠራር ደንብ አለ። የባሕር ድርጅቱ፣ የዓለም ሥራ ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 አብረው ያወጡት ነው። በዚያ ደንብ በመኪና መንገድ ላይ ጭነት ወደ ፊት የክብደቱን 80 በመቶ፣ ወደ ጎን 50 በመቶ በሚያህል ጉልበት ይገፋል ተብሎ መታሰር አለበት። በዓባይ በረሃም ውረዱ፣ በጋይንት በኩልም ሂዱ፣ ይህ ቁጥር ለምን እንደተቀመጠ መንገዱ ራሱ ያስረዳችኋል።

ማንሣት። በሁለት ገመድ የሚነሣ ዕቃ ላይ በገመዶቹ መሐል ያለው ማዕዘን 60 ዲግሪ ከሆነ እያንዳንዱ ገመድ የክብደቱን 58 በመቶ ያህል ይሸከማል። ማዕዘኑ ወደ 120 ሲሰፋ እያንዳንዱ ገመድ ሙሉውን ክብደት ይሸከማል። ገመዱ ያው ነው፣ ዕቃውም ያው ነው። የተለወጠው አያያዙ ብቻ ነው። ይህን በትንሽ የእጅ ሚዛንና በአንድ ባልዲ ውኃ ማሳየት ይቻላል። በዚያ መንገድ ያየ ሠራተኛ አይረሳውም።

የማይስማሙ ዕቃዎች። አደገኛ ዕቃ በዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ በ9 ምድብ ይከፈላል። ይህን ዕቃ የሚያሽጉ የየብስ ሠራተኞችም መሠልጠን ግዴታቸው ነው። በጣና ጀልባ ላይ ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ አንድ ጀሪካን ቤንዚን፣ አንድ ካርቶን ፀረ ተባይ። ግን ፀረ ተባዩ ከጤፍ አጠገብ መቀመጥ የለበትም። ቤንዚኑም ከሞተርና ከተሳፋሪ ይራቅ፣ ቆሞ ይታሰር፣ ጀሪካኑም እስከ አፉ አይሞላ፤ በፀሐይ ያብጣል።

ፍተሻ። ባዶ ኮንቴነር ውስጥ ገብታችሁ ሌላ ሰው በሩን ይዝጋባችሁ። የብርሃን ጭላንጭል ካያችሁ በዚያው ውኃ ይገባል። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ፣ ስንት ኩንታል ሰሊጥ የሚያድን ሥራ ነው።

ሌሎቹን መስፈርቶች ቶሎ ልለፍ። ቋንቋው አማርኛ ነው ወይ፤ ማንበብ ለማይችልስ ሥዕል አለው ወይ? ከሥልጠናው በኋላ ተመልሶ የሚያይ አለ ወይ? ወረቀቱን የሚጠይቀው ማን ነው፤ ገዢው፣ መርከቡ፣ ወይስ ማንም? በመጨረሻም እውነተኛው ወጪ ስንት ነው? ጫኝና አውራጅ የሚከፈለው በጫነው ልክ ነው። ሥልጠና ላይ የዋለ ቀን ለእሱ ባዶ ቀን ነው። የዚያን ቀን ገቢውን ካልከፈላችሁት አካሉ ክፍል ውስጥ ይሆናል፣ ልቡ ግን ወደቡ ላይ ነው። እኔ በሱ አልፈርድም።

አማራጭ 1፦ ከነባር ሠራተኛ ሥር መማር

አብዛኛው የጣና ሠራተኛ የተማረው እንዲህ ነው። ይህን መንገድ የሚንቁ ሰዎች ያናድዱኛል። ወደቡ ላይ ሃያ ዓመት የቆየ ሰው ጀልባዋ ውኃ ውስጥ ስንት ጣት እንደገባች በዓይኑ አይቶ «በቃ፣ አትጨምር» ይላል። ነፋሱ መቼ እንደሚመጣ ያውቃል። ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ የለም።

ድክመቱም ግልጽ ነው። ጥሩው ልማድ ሲወረስ መጥፎውም አብሮ ይወረሳል። ዓይን የማያየውን ነገር አያስተምርም። የገመድ ማዕዘን፣ የአደገኛ ዕቃ ምልክት፣ ጅቡቲ ሲደርስ ኮንቴነሩ ውስጥ የሚፈጠረው ላብ (ከእርጥበት የሚጠራቀመው ጠብታ)፤ ነባሩ ሰው እነዚህን የሚያይበት አጋጣሚ አልነበረውም። ያሸገው ኮንቴነር ሲከፈት አይቶም አያውቅም።

ብቻውን አይበቃም። ግን ያለ እሱ የሚሆን ነገር የለም።

አማራጭ 2፦ አሠልጣኝ ወደ ሥራው ቦታ ማምጣት

ለብዙዎቻችሁ የምመክረው ይህን ነው። ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በራሳችሁ መጋዘን ወይም ጀልባ፣ በራሳችሁ ዕቃ። ከ12 እስከ 15 ሰው ይበቃል። ከዚያ ከበዛ የኋለኞቹ ተመልካች ይሆናሉ።

ችግሩ አሠልጣኙን መምረጥ ነው። «የደህንነት አሠልጣኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። የእሳት ማጥፊያ አጠቃቀምና የራስ ቁር አደራረግ ብቻ አስተምሮ የሚሄድም አለ። ስለዚህ ከመዋዋላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁት፦

- የገመዱ ማዕዘን ሲሰፋ ምን ይሆናል?
- የታሸገ ኮንቴነር ክብደት በስንት መንገድ ይረጋገጣል?
- የኮንቴነሩ በር ሲከፈት ዕቃ እንዳይወርድ ምን ታደርጋለህ?
- ከቀኑ ስንቱ ሰዓት በተግባር ያልፋል?
- ከአንድ ወር በኋላ ተመልሰህ ታያለህ?

የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ካልመለሰ አመስግናችሁ ሸኙት። ከግማሽ ቀን በላይ ስላይድ ነው ካለም እንደዚያው። የመመለሻውን ቀን በውሉ ውስጥ አስገቡት፤ ከክፍያውም የተወሰነውን ለዚያ ቀን አቆዩ። እኛ ሁለተኛውን ሥልጠና በዚህ መንገድ ነበር ያደረግነው። አሠልጣኙ ከወር በኋላ ሳይነግረን መጥቶ የታሸገ ኮንቴነር አስከፈተ። ልጆቹ ከሥልጠናው ይልቅ ያ ቀን እንዳስተማራቸው ነው የሚናገሩት።

ወጪው የአሠልጣኙ ክፍያና አበል፣ ትራንስፖርት፣ የሠራተኛው የቀን ገቢና ምሳ ነው። ሁለት ሦስት ድርጅቶች ወይም ማኅበራት ተባብራችሁ ብታመጡት ይቀልላል።

አማራጭ 3፦ ኮሌጅ መላክ

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ከመደበኛው ትምህርት ሌላ አጫጭር ሥልጠና ይሰጣሉ፤ ኢንዱስትሪን መደገፍም ሥራቸው ነው። ጥቅሙ ሥርዓት ያለው መሆኑ ነው። በሙያ ብቃት ምዘና የሚደገፍ ከሆነ ወረቀቱ ሌላ ቀጣሪ ዘንድም ይሠራል። ለፎርክሊፍት ነጂ፣ ለክሬን ኦፕሬተር፣ ለመጋዘን ተቆጣጣሪ ይህ የተሻለ ነው። ለተራ ጫኝ ግን ረጅምና ከሥራው የራቀ ይሆንበታል። ከመመዝገባችሁ በፊት ሄዳችሁ የተግባር ቦታውን እዩ። መሣሪያው አለ? ይሠራል?

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላጥራ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማሪታይም ማሠልጠኛ አለ። ብዙ ሰው «እዚያ ጫኞቻችንን አይወስዱልንም?» እያለ ይጠይቀኛል። ያ ተቋም በሜካኒካልና በኤሌክትሪካል ምሕንድስና የተመረቁትን ተቀብሎ ለዓለም አቀፍ መርከቦች ኦፊሰርነት የሚያዘጋጅ ነው። ጫኝና አውራጅ ለማሠልጠን የተቋቋመ አይደለም።

አማራጭ 4፦ በስልክና በኮምፒውተር መማር

ርካሽ ነው፣ በማታም ይሠራል። ከላይ የጠቀስኩት የ2014 ደንብ ሙሉው በነጻ ይገኛል። ሥዕሎቹ በጣም ጥሩ ናቸው። ግን እንግሊዝኛ ነው፤ ደግሞም ገመድ በስክሪን አይጠበቅም። ለካቦውና ለመጋዘን ኃላፊው ስጡት። እነሱ አንብበው ለሌላው በአማርኛ ይንገሩ። ለአደገኛ ዕቃ ግንዛቤም ይሆናል። ለጫኙ ብቸኛ ሥልጠና አድርጋችሁ ከቆጠራችሁት ግን ለፎርማሊቲ ያህል ነው ያደረጋችሁት።

አማራጭ 5፦ ዓለም አቀፍ የነዳጅ መድረክ ሰርተፍኬት

በነዳጅና ጋዝ ሥራ የሥልጠና መለኪያ ከሚያወጡት አካላት በጣም የሚታወቀው ኦፒቶ ነው። ሥልጠናውን የሚሰጡት እሱ የፈቀደላቸው ማዕከላት ናቸው። ገመድ አሳሪ፣ ለክሬን ምልክት ሰጪ፣ የባሕር ላይ ሕይወት አድን የመሳሰሉ ዘርፎች አሉት። ጥራቱ አያጠያይቅም። ዋጋው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ለጉዞና ለማደሪያም ይጨመርበታል።

ለጣና ጀልባ ወይም ለሰሊጥ ኮንቴነር ይህን ወረቀት ማንም አይጠይቃችሁም። ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ውጭ ለመሥራት የምታስቡ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እባካችሁ ይህን ስሙኝ። ደላላ «ይህን ሰርተፍኬት ብቻ ያዝ፣ ሥራው ተዘጋጅቷል» ሲላችሁ ቁሙ። መጀመሪያ ቀጣሪው ማን እንደሆነ፣ የትኛውን ወረቀት እንደሚፈልግ በጽሑፍ ይታወቅ። ቀጥሎ ማዕከሉ በእውነት የተፈቀደለት መሆኑን ከአውጪው አካል ዝርዝር አመሳክሩ። ከብት ሸጦ የላካችሁ ቤተሰብ አለ።

በአንድ እይታ

| መስፈርት | ከነባር ሥር | አሠልጣኝ ማምጣት | ኮሌጅ | በስልክ | ዓለም አቀፍ |
|---|---|---|---|---|---|
| በራስ ጭነት ልምምድ | ሙሉ | ሙሉ | ከፊል | የለም | የለም |
| የይዘት ጥልቀት | ጎዶሎ | እንደ አሠልጣኙ | ጥሩ | ጥሩ | በጣም ጥሩ |
| አማርኛ | አዎ | አዎ | በአብዛኛው | ብዙ ጊዜ አይደለም | አይደለም |
| ማንበብ ለማይችል | ይሆናል | ይሆናል | ይከብዳል | አይሆንም | አይሆንም |
| በኋላ መከታተል | በየቀኑ | በውል ከገባ | እምብዛም | የለም | በየጊዜው እድሳት |
| የወረቀቱ ተፈላጊነት | የለም | ትንሽ | አገር ውስጥ | ትንሽ | ባሕር ማዶ |
| ወጪ | በጣም ዝቅተኛ | መካከለኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | በጣም ከፍተኛ |

ለማን የትኛው?

*አንድ ሁለት ጀልባ ያለው ማኅበር፣ በጀቱ ጠባብ።* አማራጭ 1ን አጠናክሩ። አንድ ገጽ የሥዕል ዝርዝር ሠርታችሁ ወደቡ ላይ ስቀሉ። ከባዱ ከታች፣ ቤንዚን ለብቻ፣ ላይፍ ጃኬት በተሳፋሪው ቁጥር ልክ። ከሁሉም በላይ ለካቦው «አይሄድም» የማለት ሥልጣን ስጡት። ባለ ጀልባው ቢቆጣም ቃሉ የካቦው ይሁን። በዓመት አንድ ቀን ደግሞ ከሌሎች ማኅበራት ጋር ተዋጥታችሁ አሠልጣኝ አምጡ።

*በወር ጥቂት ኮንቴነር የሚያሽግ ላኪ።* አማራጭ 2፤ ለተቆጣጣሪው አማራጭ 4 ይጨመር። ጊዜውን መስከረምና ጥቅምት ላይ አድርጉት። እህሉ ከገባ በኋላ ሥልጠና የሚቀመጥ ሰው አታገኙም።

*ፎርክሊፍትና ክሬን ያለው ትልቅ መጋዘን።* ማሽን ለሚነዱት አማራጭ 3፣ ለጫኞቹ አማራጭ 2። ማሽን ነጂውና ከሥሩ የሚቆመው ሰው ቢያንስ አንድ ቀን አብረው ይሠልጥኑ። የእጅ ምልክታቸው ካልተግባባ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

*ኬሚካል፣ ቀለም፣ ጋዝ ወይም ባትሪ የሚነካ ማንኛውም ድርጅት።* የአደገኛ ዕቃ ሥልጠናውን ለብቻው፣ ከሚያውቅ ሰው ውሰዱ። በሌላው ሥልጠና መሐል ለግማሽ ሰዓት ጣል የሚደረግ ነገር አይደለም።

*በቀን ሠራተኛ ብቻ የሚሠራ፣ ሰው ቶሎ ቶሎ የሚቀያየርበት።* ሁሉን ለማሠልጠን አትድከሙ። ሦስት ቋሚ ሰው በደንብ አሠልጥኑ፤ በየቡድኑ አንድ አንድ መድቡ። አዲስ የመጣው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሩብ ሰዓት ከእነሱ ጋር ይቁም።

«ሠራተኛው የኔ ሳይሆን የማኅበሩ ነው» የሚሉ አሠሪዎች ያጋጥሙኛል። ለቀጠራችሁት ሰው የሥራውን አደጋና መከላከያውን ማሳወቅ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአሠሪ ግዴታ ነው። በማኅበር ለሚመጣውም ቢሆን ከማኅበሩ ጋር በምትፈርሙት ውል ላይ ማን እንደሚያሠለጥን በግልጽ ይጻፍ።

የትኛውንም ብትመርጡ ከማግስቱ ጀምሮ አንድ ነገር አድርጉ። በየኮንቴነሩ ሦስት ፎቶ አንሡ፦ ባዶውን፣ ግማሽ ሲደርስና በሩ ከመዘጋቱ በፊት። ተቀባዩ ሲከፍት አራተኛውን እንዲልክላችሁ ለምኑት። ለጀልባም ደቅ ወይም ጎርጎራ ላይ የሚያወርደው ሰው ስልክ ደውሎ «ምን ሆኖ ደረሰ» የሚለውን ይንገራችሁ። ያን የምትሰሙት ከጫኞቹ ጋር አብራችሁ ይሁን።

የእኛ የመጀመሪያው ፎቶ፣ ካርቶኑ በሩ ሥር ተበትኖ የሚታይበት፣ ዛሬም ከመጋዘኑ በር ውስጥ በኩል ተለጥፏል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ካቦው አስቀድሞ እዚያ ያቆመውና «እስቲ እየው፤ ምን ጎድሎታል?» ብሎ ይጠይቀዋል።